«ቲቸር፣ አይሰማም!»፦ የማይክ ጥገና ማስታወሻ

ሰኔ 7፣ 2017፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ትምህርቱ ተበላሸ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አምስት ልጆች በኢንተርኔት አማርኛ አስተምራለሁ። በእነሱ ገና ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ አንዳንዶቹ ፒጃማቸውን እንኳን ሳይቀይሩ ነው የሚገቡት። የዛሬው ፊደል ጠ ነበር። «ጠ በሉ» አልኳቸው። ዝም። ደገምኩት። አሁንም ዝም። ከሁሉም ትንሿ፣ የ7 ዓመቷ፣ ጆሮዋን እየነካች «ቲቸር፣ አይሰማም!» አለች።

አፌ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ከኮምፒውተሩ ወጥቼ በስልክ ገባሁ። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ዳታው አለቀ። ደህና ሁኑ ሳልላቸው ተቆረጠ።

ያለኝ ዕቃ ይኸው ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ 10። ሄድሴቱ ባለ ሁለት ፒን ነው፤ አረንጓዴው ለማዳመጫ፣ ሮዙ ለማይክ። ሁለቱንም ኬዙ ፊት ለፊት ላይ ነው የምሰካቸው፣ ከኋላ ማጎንበስ ስለሚያስቸግር። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ከአስፋልቱ በባጃጅ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከቀላሉ ጀመርኩ። ሄድሴቱ ገመድ ላይ ያለችው ማጥፊያ ክፍት ናት። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ማይክሮፎን። ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች አሉ፤ አንዱ ከስቶር ለሚወርዱ አፖች፣ ሌላው ከታች ያለው ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች። ብዙ ሰው የታችኛውን አያየውም። የእኔ ሁለቱም ክፍት ናቸው።

ከዚያ የድሮውን የሳውንድ መስኮት ከፍቼ ሪከርዲንግ የሚለው ውስጥ ገባሁ። ማይኩ አለ፣ ግን ግራጫ ሆኗል፤ ሥሩም «አልተሰካም» የሚል ጽሑፍ አለ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። አሁንም አልተሰካም ይላል። እያየሁት ተሰክቷል!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ኮምፒውተሩ እውነቱን ነበር የሚነግረኝ። እኔ ግን ድራይቨሩ (የድምፁን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም) ተሳስቷል ብዬ ደመደምኩና ሦስት ቀን አቃጠልኩ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

የሄድሴቱ ማይክ ሞቷል ብዬ በታክሲ መገናኛ ወርጄ አዲስ ገዛሁ። 850 ብር። ሻጩ በስልኩ ሞክሮ አሳየኝ፤ ጥርት ያለ ድምፅ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ፊት ላይ ሰካሁት፣ «አልተሰካም»። ከኋላ ባለው ሮዝ ቀዳዳ ሰካሁት። አሁን ተሰክቷል ይላል፣ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ጮህኩ፣ አፏጨሁ፣ ማይኩን በጥፍሬ መታሁት። ምንም።

እንግዲህ አዲስ ሄድሴት ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው አልኩ። ሪልቴክ የሚለውን የድምፅ ድራይቨር አጠፋሁት፣ እንደገና ጫንኩት፣ አልሆነም። የቆየ ቨርዥን ፈልጌ አወረድኩ፤ እሱም አልሆነም። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ሲጠፋ ድራይቨሩ ግማሽ ተጭኖ ነበር።

ሰኔ 11 እና 12

የባሰ ሆነ። ግማሽ የተጫነው ድራይቨር ማዳመጫውንም ይዞት ሄደ። ረቡዕ ማታ ሙሉ ይህንን በማስተካከል አለፈ። ሐሙስ ዕለት ዊንዶውሱን እንዳለ አጥፍቼ ልጫን ብዬ ፍላሽ አዘጋጀሁ። አንድ ወዳጄ ስልክ ጥገና ላይ የሚሠራ ነው፤ ደውዬ ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አዲሱ ሄድሴት ስንት ፒን ነው?»

አንድ። አንድ ፒን ነው።

«ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠራቸው» አለኝ። ሦስት ናቸው። ፍላሹን አስቀመጥኩት።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

እንደገባኝ ልጻፈው፤ ለሌላ ሰው 850 ብር ያድናል።

የስልክ ሄድሴት ፒን አራት ክፍል አለው። ጫፉ የግራ ድምፅ፣ ቀጥሎ የቀኝ ድምፅ፣ ቀጥሎ ግራውንድ (ለሁሉም የጋራ መመለሻ)፣ ከሁሉም ወደ ገመዱ የሚቀርበው ማይክ ነው። የዴስክቶፕ ሮዝ ቀዳዳ ግን የተሠራው ለባለ ሦስት ክፍል ፒን ነው። ማይኩን ጫፉ ላይ ይጠብቃል፣ ግራውንዱን ከሥሩ። ስለዚህ የስልኩን ሄድሴት እዚያ ስትሰካ ኮምፒውተሩ ማይክ ሲፈልግ የሚያገኘው የግራ ጆሮ ስፒከር ነው፤ የማይኩ ክፍል ደግሞ ከግራውንድ ጋር ይገጥማል። ሄድሴቱም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፣ አይግባቡም እንጂ። መፍትሔው አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው። 200 ብር ገዛሁት፤ ከኋላ ሰካሁት፤ ድምፅ መጣ! እሑድ ጀምሮ ሳላየው የቆየሁት አረንጓዴ መስመር ሲዘል ሳይ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ግን የፊት ለፊቱ ለምን «አልተሰካም» ይላል? የድሮው ሄድሴትስ? ይህንን ሳላውቅ መተኛት አልቻልኩም።

መልቲሜትር አውጥቼ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አደረግኩት። ከድሮ ማዳመጫ የተቆረጠ ፒን ነበረኝ፤ ገመዶቹን ልጬ የኋላው ሮዝ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት። በጫፉና በግራውንዱ መካከል 2.5 ቮልት ገደማ አለ። ይህ ቮልቴጅ የግድ መኖር አለበት። ሄድሴት ውስጥ ያለችው ክብ ማይክ ውስጧ አንዲት ትራንዚስተር አለች፤ ያለ ኮረንቲ አትሠራም፣ ኮረንቲውንም የሚሰጣት ኮምፒውተሩ ነው። የፊቱን ለካሁ። ዜሮ።

ኬዙን ከፈትኩት። ከፊት የሚመጣው የድምፅ ገመድ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ግንቦት መጨረሻ ላይ አቧራ ለመጥረግ ከፍቼው ነበር፤ ያኔ ብሩሹ ነቅሎታል። ማዘርቦርዱ ላይ ኦዲዮ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ዘጠኝ መርፌና አንድ ባዶ ቦታ ያለው መሰኪያ ነው። ባዶዋ ቦታ በተገላቢጦሽ እንዳይሰካ ነው። መልሼ ሰካሁት፣ ለካሁ፣ 2.5 ቮልት።

ይኼው ነው። «አልተሰካም» ያለው በትክክል ስላልተሰካ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የድሮውን ሄድሴት ሞከርኩት፣ ምቾቱን ስለምወደው። ድምፅ አለ፣ ግን ይቆራረጣል። ገመዱን ፒኑ አጠገብ ሳጣምም ይመጣል፣ ስለቀው ይጠፋል። ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚበጠስ።

ጠዋት ቁጭ ብዬ ቆረጥኩት። አዲስ ፒን ሁለት፣ 120 ብር፤ አንዱ መጠባበቂያ። ካውያውን አሙቄ ሊዱን ሳስጠጋ አልይዝ አለ። እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ የፒኑን ፕላስቲክ አቀለጥኩት። አንዱ ፒን በዚህ ሄደ። ለካ የሄድፎን ቀጭን ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው ጌጥ ሳይሆን መከላከያ ነው። በምላጭ ቀስ ብዬ ፋቅሁት፣ ከዚያ በሊድ ጠብታ ውስጥ እያሞቅሁ ቀሪውን አቃጠልኩት። ያኔ ያዘ። በናስትሮ ልጠቀልለው ነበር፣ ግን ናስትሮ ሙጫው ይለቃል፤ በ40 ብር በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ ገዝቼ አለበስኩት። ላስቲኩን ከመበየድ በፊት ገመዱ ላይ ማጥለቅ ያስፈልጋል፣ በኋላ አይገባም። እኔ ረስቼው እንደገና ፈታሁት።

ማታ 12 ሰዓት ገባሁ። «ተሰማ?» «ተሰማ ቲቸር!» አምስቱም በአንድ ላይ።

ግን አንደኛው ልጅ «ንብ አለ ቤትህ?» አለኝ። እኔም በማዳመጫው ሰማሁት። እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ዝም ብዬ 30 ሰከንድ ቀዳሁና ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ ከፈትኩት። ድምፁን በድግግሞሹ ከፋፍሎ በሚያሳየው ሥዕል (ስፔክትረም) 50 ኸርዝ ላይ ትልቅ ጉብታ፣ 100 ላይ ሌላ፣ 150 ላይ ሌላ። የእኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ንቡ መብራቱ ነው።

ኬዙን በእጄ ስነካው ድምፁ ይቀንሳል። ባዶ እግሬን ሆኜ ስነካው ደግሞ ጣቴን ይነዝረኛል። ይህን ንዝረት ከገባሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር። ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን ካቻቢቴ ኬዙ ላይ ሳስቀምጥ ፈዘዝ ብሎ በራ።

ከጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ በባትሪ ብቻ ያንኑ ሄድሴት ሞከርኩ። ጸጥ። ቻርጀሩን ስሰካው ንቡ ትንሽ ተመለሰ። ብየዳዬ ደህና ነው፤ ችግሩ ከግድግዳው ነው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከሁለቱም የመብራት መስመሮች ወደ ብረት ኬዙ ትንሽ ኮረንቲ የሚያሳልፉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው ረብሻውን ወደ መሬት ማፍሰስ ነው። መሬት የሚወስድ ሽቦ ከሌለ ግን ኬዙ በሁለቱ መሀል ይንጠለጠላል፤ ከ220 ግማሽ አካባቢ። እኔ በኬዙና ግቢው እርጥብ መሬት ላይ በተከልኩት ምስማር መካከል ስለካ 96 ቮልት አገኘሁ። ኮረንቲው በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም፤ ማይኩ ግን ይህንን ሁሉ ይሰማል።

ማከፋፈያዬ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ርካሹ ዓይነት ነው፣ ከመሬት ሽቦ ጋር የሚያገናኘው የጎን ብረት የለውም። ይህንን ቀይሬ ብቻ ቢያልቅ ብዬ ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ የግድግዳውን ሶኬት ፈታሁት። የጎን ብረቶቹ አሉ። ከኋላቸው ግን ምንም ሽቦ የለም።

አከራዬ እማማ ሲፈታ አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ምጣዱስ?» አሉኝ።

«የምን ምጣድ እማማ?»

«እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ሳነሳ እጄን ውርር ያደርገኛል። ጫማ አድርጌ ነው የምጋግረው። እርጅና ነው እያልኩ...»

ደነገጥኩ። የእኔ ካፓሲተር ነው የሚነዝረኝ። የእሳቸው ምጣድ ግን ካፓሲተር የለውም፤ እሱ የሚነዝረው ሽቦው ውስጥ የሆነ ነገር ስለተበላሸ ነው። ማይኩን ረሳሁት። ምጣዱን ነቅለው እስኪታይ እንዳይነኩት ለመንኳቸው።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጣ። እኔ እዚህ ላይ እጄን አላስገባሁም፤ ማንም እንዲያስገባ አልመክርም። መጀመሪያ ምጣዱን ከፈተው። ከውስጥ የአንዱ ሽቦ ልባስ በሙቀት ተቃጥሎ ብረቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለእማማ አሳያቸው። እሳቸው ዝም ብለው አማተቡ። ሽቦው ተቀየረ።

ከዚያ መዳብ የለበሰ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ከቤቱ ጀርባ በመዶሻ ተከለ፣ ከእሱ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ወሰደ፣ ከሳጥኑ ወደ ምጣዱ መስመርና ወደ እኔ ክፍል። ክረምት ስለሆነ መሬቱ እርጥብ ነው፣ በቀላሉ ያሳልፋል፤ በበጋ ሲደርቅ እንደገና መለካት አለበት ብሏል።

አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። አንዳንድ ሰው ዘንግ መትከሉን ለመሸሽ ሶኬቱ ውስጥ የጎን ብረቱን ከኒውትራሉ (ኮረንቲው ከሚመለስበት መስመር) ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ንዝረቱ ይጠፋል፣ ሰውም ተሠራ ይላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ ግን ሙሉው 220 ኬዙ ላይ፣ ምጣዱ ላይ ይወጣል።

ጠቅላላው 4,200 ብር ሆነ። እማማ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ አሉ። አልፈልግም ብል «የእኔ እጅ አይደለም እንዴ?» ብለው ዘጉኝ።

ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ ከወዳጄ አገኘሁ። ሰካሁ። ከኬዙ እስከ ምስማሩ 1 ቮልት እንኳን አይሞላም። ኦዳሲቲ ላይ የ50 ኸርዙ ጉብታ ከመስመሩ ብዙም አይለይም። ማታ ዝም ብዬ ያንን ጸጥታ አዳመጥኩት።

እስካሁን ከኪሴ የወጣው፦ ሄድሴት 850፣ አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍለው ገመድ 200፣ ፒን 120፣ ላስቲክ 40፣ ትራንስፖርት 160፣ የኧርዙ (የመሬት ሽቦው ሥራ) ድርሻዬ 2,100። 3,470 ብር። ማይኩን ለመጠገን በእርግጥ ያስፈለገው 160 ብር ነበር። የኧርዙ ገንዘብ ግን ቁጭት አይሰማኝም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ ማታ

ድምፁ ጥርት ብሏል አሉ። ጠን ደገምነው። «አባባ መጣ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፈው እንዲልኩ ሰጠኋቸው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የትንሿ ልጅ እናት መልእክት ላከችልኝ። «ልጅቷ 'አባባ መታ' ብላ ነው የጻፈችው። ምን ልትለኝ ፈልጋ ነው?» ሌሎቹን አየሁ። ከአምስቱ ሦስቱ መታ ብለው ጽፈዋል።

እኔ በአፌ ጠ ብያለሁ። ጆሯቸው ጋ የደረሰው ተ ነው።

ሰኔ 22 እና 23

በስልኬ በሌላ አካውንት ገብቼ ራሴን ከወዲያኛው ጫፍ ቀዳሁ። መታ፣ መጣ። ከዳ፣ ቀዳ። ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ የተቀዳው ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነው። በጥሪው በኩል ስሰማው ግን መጣ ወደ መታ ተጠግቷል፣ ቀዳ ለስልሷል።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ስንል ጉሮሯችንን እንዘጋለን፣ አየሩን አፋችን ውስጥ እናፍናለን፣ ከዚያ ጧ አድርገን እንለቀዋለን። ከጧታው በፊትና በኋላ አጭር ጸጥታ አለ። የጥሪ ፕሮግራሞች ውስጥ ረብሻ የሚቀንስ ማጣሪያ አለ፤ የኪቦርድ ቂጭቂጭታ፣ የበር ኳኳታ የሚያጠፋው እሱ ነው። የእኛ ጠ ለእሱ ከኪቦርድ ቂጭታ የሚለይ አይመስለኝም። ስለዚህ ይቆርጠዋል። ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት፣ እንደገና ቀዳሁ። መጣ፣ መጣ ሆነ።

ስንት ወር በዚህ ማጣሪያ ሳስተምር እንደቆየሁ አላውቅም። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ ጆሯቸው በእንግሊዝኛ ተይዟል ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። በጣም አዘንኩ። የሚሰሙትን ነበር በትክክል የሚደግሙት።

ሁለተኛ ጉዳይ፣ ማይክ ቡስት የሚለው (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላው) +30 ዴሲቤል ላይ ነበር፤ ጰ ስል መስመሩ ጣሪያ ይነካና ይሰነጠቃል። ወደ +10 አወረድኩት። ድምፄ እንዳያንስ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሰው 6 ዴሲቤል ያህል ታገኛለህ፣ በነጻ። ግን ከአፍ ፊት ለፊት አይሁን፤ ከከንፈር ጥግ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። እንዲህ ሲሆን የጰ ትንፋሽ በጎን ያልፋል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ ማታ

11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ማጣሪያው ጠፍቷል፣ ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቆምኩ፣ ጋቢውን ከጀርባዬ በገመድ ሰቀልኩ፤ ይህ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ዝናብ አያቆምም። ማጣሪያውን ልመልሰው ወይ ብዬ እጄ ማውሱ ላይ ቆየ። ተውኩት።

ትምህርቱ በተጀመረ በ10 ደቂቃው ወረደ። ከባድ ዝናብ፣ መሀል ላይ በረዶም ነበረው። ማይኩ ቅርብ ስለሆነ ድምፄ በላዩ ይሰማል አሉ፤ ዝናቡም ግን ከኋላ ይሰማቸዋል።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ትንሿ።

«ዝናብ ነው። ጣሪያዬን እየመታው ነው።»

«ጣሪያህ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ።»

ወደ ካሜራው ተጠጋች። ጉሮሮዋ ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። «ቆርቆሮ» አለች። ሁለቱንም ቆ።